ባይራውን ከኋላ ያቆምኩ ዕለት

ይህን ሳወራችሁ ራሴን ላቆነጃጅ አልሞክርም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሶዶ ውስጥ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ፣ አንድ ካሜራ፣ ከሁለቱም የሚበልጥ ጉራ ነበረኝ። ቁጭ ብዬ ምሳ መጨረስ የማልችል፣ ሰው ሲያወራ «እሺ ከዚያስ? ከዚያስ?» እያልኩ የማጣድፍ ችኩል ነበርኩ። እናቴ «አንተ ስትወለድም ቀንህን አልጠበቅህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ የሰባት ወር ልጅ ነኝ።

የኛ አገር ደንበኛ ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ የሚያዘኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኋላው ብለር ይሁንልኝ።» ከጀርባው ያለው ቆርቆሮና የተሰጣ ልብስ ደብዝዞ እሱ ብቻ ጥርት ብሎ እንዲታይ ይፈልጋል። መላው ቀላል ነው። ሌንስ ውስጥ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ አፐርቸር እንለዋለን። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ያነጣጠርክበት ፊት ብቻ ይጠራና ከፊቱም ከኋላውም ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። እኔ 85 የምትባለዋን ሌንስ ገዝቼ ቁጥሯን 1.8 ላይ አድርጌ ረሳኋት። ሙሽራውም፣ ተመራቂውም፣ ክርስትና የተነሳው ሕፃንም በዚያችው ቁጥር ይነሳ ነበር። ሰው «እጅህ ይባረክ» ሲለኝ ምን ጎድሎኝ እነካታለሁ?

አንድ ቅዳሜ ተስፋዬ የሚባል ሰው ከሻንቶ ደወለልኝ።

«እናታችን ሰኞ ሐዋሳ ሆስፒታል ትገባለች። ሆዷ ውስጥ ያለውን እጢ ሊያወጡላት ነው» አለኝ። «ከመሄዴ በፊት ከልጆቼ ሁሉ ጋር አንድ ፎቶ አንሱኝ ብላለች። ነገ ጠዋት ትመጣለህ?»

«ስንት ሰው ነው?»

«ከነልጅ ልጆቿ ሃያ ሦስት።»

«ቀላል ነው!» አልኩት። ቀላል ነው ማለት ያኔ የአፌ ማሟሻ ነበር።

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ሻንቶ ደረስኩ። ተስፋዬ አስፋልቱ ላይ ተቀበለኝ። አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ደልደል ያለ፣ የእህል ነጋዴ ነው። ወደ ቤት ስንሄድ እርምጃውን ቀነስ አድርጎ፣ «አንድ ነገር ልንገርህ፣ በኋላ እንዳትደናገር» አለኝ። «ከታላቅ ወንድሜ ከሎሃ ጋር የታረቅነው ዛሬ ጠዋት ነው። ስድስት ዓመት ተኮራርፈን።»

«በምን?»

«አባታችን ሲሞት እሱ የሚኖርበት ከተማ ቤሌ ነበር። ክረምት ነው፣ መኪናውን ጭቃ ያዘው። ጠብቁኝ ብሎ ሰው ልኮ ነበር አሉ፤ መልእክቱ አልደረሰኝም። ቀበርን። እሱ የደረሰው ለቀስተኛው ሲበተን ነው። ቤት እንኳ ሳይገባ ከመቃብሩ ላይ ተመለሰ። ባይራ አይደል?»

ባይራ በወላይትኛ የበኩር ልጅ ነው። ታላቅ ወንድም ማለት ብቻ አይደለም፤ አባት ሲያልፍ የቤቱ ራስ እሱ ነው፣ እሱ ሳይሰናበተው አባቱን አፈር ማልበስ ደግሞ በቀላሉ አይሽርም። ይህን ለኔ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የወላይታ ልጅ ነኝ።

«እናታችን ሁለታችሁም ግራና ቀኝ ይዛችሁ ካልወሰዳችሁኝ ሐዋሳ አልሄድም አለች» አለ ተስፋዬ። «ሽማግሌ የላክነውም ለዚህ ነው። ነገ አብረን እንወስዳታለን። ግን ዕርቁ ገና ጥሬ ነው፣ ጠንቀቅ በልልኝ።»

እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ምን እንዳደረግኩ እዩልኝ።

ግቢው ውስጥ አቮካዶ ዛፍ ሥር አግዳሚዎች ተደርድረዋል። እማማ አማረች፣ እናትየዋ፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው መሐል ወንበር ላይ ተቀመጡ። የከሱ ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ይስቃል። እኔ እንደ ልማዴ ማጣደፍ ጀመርኩ። «አንቺ እዚህ፣ አንተ እዚያ፣ ልጆች መሬት፣ ረጃጅሞች ከኋላ!» አንድ ሽበት የጀመረው፣ ዘንካታ፣ ዝምተኛ ሰውዬ የእማማ አማረች ቀኝ ወንበር አጠገብ ቆሞ ነበር። ከሁሉም ረጅሙ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከኋላ፣ አግዳሚው ላይ ይቁሙልኝ። ዳር ላይ። አዎ፣ እዚያ!»

ሰውዬው አየኝ። ወንበሩንም አየው። ሄዶ ከጎረምሶቹ ጋር ዳር ላይ ቆመ። ፎቶ አንሺ ቁም ሲል እንደ ሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ማን ይከራከራል? ባዶውን ወንበር ሳይ «ተስፋዬ፣ አንተ ተቀመጥበት» አልኩ። አንገራገረ፤ «ቶሎ በል፣ ፀሐይዋ!» አልኩት፤ ተቀመጠ። ያ ረጅም ሰው ሎሃ መሆኑን ስማቸውን ሲጠራሩ ገባኝ። ደንገጥ አልኩ፤ ግን ሃያ ሦስት ሰው እንደገና ማስነሳት ታከተኝና ዝም አልኩ። እማማ አማረች ፊት ላይ አነጣጥሬ ሠላሳ ያህል ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረግኩ። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ሁሉም ያምራል። «እስከ ሰባት ሰዓት በቴሌግራም እልክላችኋለሁ» ብዬ ወደ ሶዶ በረርኩ።

ስቱዲዮ ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት። ኧረ ጉድ! እማማ አማረች ቅንድባቸው ይቆጠራል። አጠገባቸው ያሉትም ደህና ናቸው። ከኋላ የቆሙት በሙሉ ጭጋግ። ሎሃማ ጭራሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ስለነበር፣ ፊቱ የታሸ ሊጥ መስሏል። ሠላሳውንም አየሁ፤ ሠላሳውም ያው ነው። ያቺ 1.8 ለአንድ ሙሽራ የምትሆን እንጂ ለሦስት ረድፍ ሰው የምትሆን አልነበረችም። ይህን ደግሞ አውቃለሁ፤ ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። አለመንካቴ ነው።

ደውዬ «ተሳስቻለሁ፣ ልመለስ» ማለት ነበረብኝ። አዎ፣ ነበረብኝ። ጉራዬ ግን መቼ አስደውሎኝ። የደበዘዘ ፊት የሚያጠራ ፕሮግራም ስልኬ ላይ ነበረኝ፤ ፎቶውን ሰጠሁት። በአንድ ደቂቃ ኋላ ያለው ሁሉ ጥርት አለ። አብራኝ የምትሠራው ሰላም ጠጋ ብላ አየችና፣ «ይሄ ዳር ያለው ሰውዬ እንዲህ ነው?» አለችኝ።

ፊቱን አጎላሁት። አፍንጫው ቀጥኗል፣ ሽበቱ ጠቁሯል፣ ቆዳው እንደ ሕፃን ለስልሷል። መልከ መልካም ሰው ነው፤ ሎሃ ግን አይደለም።

«ምን አለበት፣ ስልክ ላይ ማን ልብ ይለዋል?» አልኳት።

«አትላከው ይቅርብህ» አለችኝ።

ላክሁት።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል ላይ ተስፋዬ ደወለ። ሰላምታ የለም።

«አንተ ሰውዬ! ወንድሜን ምን አድርገኸው ነው?»

«ምን ሆነ?»

«ፎቶውን በሰው ሁሉ ፊት ለእናቴ አሳየናት። ስልኩን አስጠግታ አንድ በአንድ ስም ስትጠራ ዳር ላይ ደረሰችና ይሄ ደግሞ ማነው? ሎሃዬስ? አለች። ሎሃ እኮ አጠገቧ ተቀምጧል! ስልኩን ተቀብሎ አየ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ፤ ከወጣ ሰዓት ሆኖታል። ወደ ቤሌ ሊሄድ ነው። እሷም ሎሃ ከሌለ አልሄድም ብላ ሻንጣዋን አስፈትታለች። ነገ ካልገባች ተራዋ ያልፋታል፣ ሌላ ቀጠሮ ከወራት በኋላ ነው። ይሰማሃል? ዶክተሩ ወራት የላትም ብሎናል!»

ስልኩን ዘጋው። በአንዲት ቁጥር፣ በኔ ስንፍና፣ ሰው ሊሞት ነው። ይህን ለራሴ ስናገር ሰላም ካሜራውን አንጠልጥላ ሰጠችኝና፣ «ከሻንቶ ወደ ቤሌ የሚሄድ ሰው በሶዶ መናኸሪያ ያልፋል። ሩጥ እንጂ!» አለችኝ።

ሮጥኩ። ባጃጁን «ንዳው በናትህ» እያልኩ መናኸሪያ ስደርስ የቤሌው አውቶብስ ሞተሩን አስነስቷል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ቤሌ! ቤሌ!» ይላል። ዘልዬ ገባሁ። ሎሃ ከኋላ በመስኮት በኩል ተቀምጧል።

«ጋሼ ሎሃ፣ ይውረዱልኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ፎቶ አንሺው ነህ አይደል? ሂድ ሌላ ሰው አንሳ። እኔን እንደሆነ አጥፍተኸኛል።»

ካሜራውን ከፍቼ የመጀመሪያውን ፎቶ አጉልቼ አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት። «ይኸው፣ ይሄ እርስዎ ነዎት። አደብዝዤዎታለሁ። ቀዳዳውን በጣም ከፍቼ ስላነሳሁ ነው። ከኋላ የቆመው ሁሉ እንዲሁ ነው፣ ይዩት፣ ልጆቹም።»

ልጆቹን አየ። «ያ የላክኸው ሰውዬስ ማነው?»

«ማንም አይደለም። ጥፋቴን ልሸፍን ብዬ በማሽን ያሠራሁት ነው።»

ረዳቱ «ወራጅ ካለህ ውረድ!» ብሎ ጮኸ።

«እሺ፣ ከኋላ ያቆምከኝስ?» አለ ሎሃ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የናቴን ቀኝ ለታናሼ ሰጥተህ እኔን ከጎረምሳ ጋር ዳር ስታደርግ፣ ማነው እንዲህ አድርግ ያለህ? ተስፋዬ ነው?»

ለካ ነገሩ እዚህ ድረስ ነበር። «ኧረ በፈጠረዎት! እኔው ነኝ። ረጅም ስለሆኑ ነው። እሱማ አልቀመጥም ብሎኝ ነበር፣ አጣድፌ አስቀመጥኩት።»

«ረጅም ስለሆንኩ?»

«አዎ።»

«የየት ልጅ ነህ?»

«የሶዶ።»

«ወላይታ ነህ?»

«ነኝ።»

«ባይራ የት እንደሚቀመጥ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ቸኮልኩ» አልኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፍርም፣ አቀረረ። «ጋሼ፣ እኔን ይጥሉኝ። እናትዎ ግን አልሄድም ብለዋል። ሻንጣቸውን አስፈትተዋል።»

ይህን አልሰማም ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ። መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «እኔ አናጢ ነኝ» አለ። «አንድ ጊዜ የተሰነጠቀ በር በሰጋቱራና በኮላ ደፍኜ፣ ቀለም ለቅልቄ አስረክቤያለሁ። ክረምቱ ሲመጣ በሩ ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቱ እስከዛሬ ሰላም አይለኝም።» ተነሳና ጣሪያው እንዳይመታው ጎንበስ አለ። «ና፣ እንሂድ።»

«አባባ፣ የቲኬት ብር አይመለስም!» አለ ረዳቱ።

«ሻይ ጠጣበት!» አለው ሎሃ ሳይዞር።

የሻንቶ ሚኒባስ ደግሞ ሦስት ሰው ካልሞላ አልነቃነቅ አለ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል ሆነ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እያየሁ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወርጄ ከወያላው ጋር «ሻንቶ! ሻንቶ!» እያልኩ ሰው ስጠራ፣ ሎሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ይሄ ሥራ ይሻልሃል» አለኝ።

ግቢው ስንደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ተስፋዬ በሩ ላይ ነበር፤ ወንድሙን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እማማ አማረች አልጋ ላይ ነበሩ። ሎሃ ገብቶ ደግፎ አመጣቸው። እኔን ሲያዩኝ በወላይትኛ፣ «ቅድም ያመጣህልኝ ቆንጆ ጎረምሳ ወዴት ሄደ? ልድረው አስቤ ነበር እኮ» አሉኝ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አሁን አስቡልኝ። ዛፉ ሥር ጨለም ብሏል። ሃያ ሦስት ሰው እንዲጠራ ቀዳዳውን ማጥበብ አለብኝ፤ ባጠበብኩት ቁጥር የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። ካሜራው ብርሃን እንዲጠግብ ቀስ ብሎ ይዘጋ ብል ልጆቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ እነሱ ይደበዝዛሉ። የቀረኝ አይሶ የምንለውን፣ ካሜራው ትንሿን ብርሃን አጉልቶ የሚያይበትን ቁጥር፣ መጨመር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ፎቶውን እንደ ጤፍ ነጥብ ነጥብ ያደርገዋል። ነጥብ የሌለው ፎቶ የኔ ጉራ ነበር። 85ቷን አውልቄ ሰፋ አድርጋ የምታየዋን 35 ገጠምኩ። ከዛፉ ሥር አውጥቼ ሰማዩ ወደሚያበራበት አዞርኳቸው። ሦስቱን ረድፍ ሁለት አደረግሁ፤ እንዲቀራረቡ። አፐርቸሩን 8 ላይ አስቀመጥኩ። አይሶውን ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ 6400 ደረሰ። ይሁን አልኩ፤ ነጥብ ያለው እውነተኛ ሰው ይሻላል።

ከዚያ በሕይወቴ ጠይቄ የማላውቀውን ጠየቅሁ። «ማን የት ነው የሚቀመጠው? እናንተው ንገሩኝ።»

ተስፋዬ ከእናቱ ቀኝ ያለውን ወንበር በመዳፉ ጠረገና፣ «ሎሃ፣ ና» አለ። ሎሃ ሄደ፤ ግን አልተቀመጠም፤ ተስፋዬ ወንበሩን እንደያዘ ፊት ለፊቱ ቆሞ መናገር ጀመረ።

«መልእክትህ ደርሶኝ ነበር።»

እኔ ካሜራው ዓይኔ ላይ ነው፤ ብርሃኑ እየሞተብኝ ነው።

«ጠብቁኝ ብለህ የላክኸው ሰው መጥቶ ነግሮኝ ነበር። ሰዉ ዘነበ፣ መሸ እያለ ሲያጣድፈኝ እሺ ብዬ አባታችንን ያለ አንተ ቀበርኩት። አልደረሰኝም ያልኩት ውሸቴን ነው። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ፊትም ደገምኩት። አፍሬ ነው፣ ይቅር በለኝ።»

ሎሃ ወንድሙን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ካሜራዬ ውስጥ ያለው ቀስት «ብርሃን አነሰ» እያለ ይወርዳል። አሁን በሉ፣ ተቀመጡ ልላቸው አፌ ተከፈተ። ጥርሴን ነከስኩ። ካሜራውን ከዓይኔ አወረድኩት።

«እንደደረሰህ አውቃለሁ» አለ ሎሃ። «ያኔውኑ ሰውዬው ነግሮኛል። እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅሁህ።»

ተስፋዬ ጉልበቱ ላይ ሊወድቅ ሲል ሎሃ አነሳው። ተቃቅፈው አለቀሱ፣ እህቶቻቸው አለቀሱ፣ ልጆቹም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አለቀሱ። እማማ አማረች ብቻ አላለቀሱም። የሁለቱንም እጅ ግራና ቀኝ ይዘው፣ «በሉ ተቀመጡ፣ ልጁ መሸበት» አሉ። አይሶውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ አነሳኋቸው።

በማግሥቱ ሁለቱ ወንድማማቾች እናታቸውን መሐል አድርገው ሐዋሳ ወሰዷቸው። እጢው ወጣ። በአንድ ወራቸው በእግራቸው ወጥተው ስቱዲዮዬ ድረስ መጡና ፎቶውን አይተው «ነጠላዬን አላስተካከልክልኝም» ብለው ተቆጡኝ። ነጥቡን ግን ማንም ልብ አላለውም። ከአንድ ዓመት በላይ ኖሩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ ረጋ ያለ ሰው ሆኛለሁ ብላችሁ ውሸት ነው፤ ዛሬም ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ቤተሰብ ላነሳ ስሄድ ካሜራዬን ከቦርሳ ሳላወጣ ማን የማን ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ራሳቸው እስኪቀመጡም እጠብቃለሁ። ቁጥሬን የምነካው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ ሰው የከፈትኩትን ቀዳዳ ለሃያ ሰው አጠብባለሁ፤ ብርሃን ካነሰኝ ነጥቡን እቀበላለሁ። ካበላሸሁ ደግሞ አበላሸሁ እላለሁ። እናንተም ፎቶ አንሺ ሲያጣድፋችሁ እሺ አትበሉት። ቦታችሁን ንገሩት፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

እማማ አማረች ያረፉት በዚህ ዓመት፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ተኝተው ነው። ሎሃና ተስፋዬ አብረው ወደ ስቱዲዮ መጡ። ለለቅሶው የሚያዝ ፎቶ ፈልገው ነው፤ ተስፋዬ «ከዚያኛው ላይ የእሷን ፊት ብቻ ቆርጠህ አሳድግልን» አለኝ። ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚያሠራው። ፎቶውን ከፍቼ በእማማ ፊት ዙሪያ መስመሩን ሳሰምር ሎሃ እጄን ያዘኝ።

«አትቁረጣት» አለ። «ብቻዬን አንሱኝ አላለችም።»

ተስፋዬ ዞር ብሎ እንባውን ጠረገ። እኔ መስመሩን አጠፋሁና ሃያ ሦስቱንም እንዳሉ አተምኩላቸው። በለቅሶው ላይ ከፊት ይዘውት የሄዱት እሱን ነው፤ ስለከበደ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ግራና ቀኝ ያዙት።